ሠራተኛ አደራ ሲሰጥሽ
ከጡረተኛ ሠራተኛ ለአዲሷ የማኅበር መሪ

ልጄ፣ ጠቅላላ ጉባኤው የመሠረታዊ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አድርጎ እንደመረጠሽ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ከማሽን ጀርባ የሚቀመጠው አብዛኛው ሴት ነው፤ ከማኅበሩ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በፈትልና በሽመና ክፍል ነው። የማኅበር ሥራም ከፈረቃዬ ጎን ለጎን ለረጅም ዘመን ይዤ ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያየሁትን ሳልነግርሽ ብቀር አደራ በላ እሆናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከእሱ የሚቀዳ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ጉልበት ያለው ሠራተኛው በመሪዎቹ ላይ ባለው እምነት ውስጥ ነው። አሠሪ ለድርድር ፊትሽ ሲቀመጥ በልቡ የሚመዝነው ይህንኑ ነው፤ «ይቺ ልጅ የምትናገረው ከኋላዋ ስንት ሰው ይዛ ነው?» ይላል። እምነቱ ካለ ዝግ ብለሽ የተናገርሽው ይሰማል። እምነቱ ከሌለ ግን የፈለግሽውን ያህል ብትጮኺ፣ ማኅተምና የምዝገባ ወረቀት ቢኖርሽም የሚፈራሽ የለም።

1. የተረከብሽውን ነገር እወቂ

ይህ መብት በነፃ የመጣ አይደለም። ከጣልያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት የድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች ሥራ አቁመው በኃይል ተበትነዋል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር የተቀጠሩት ሠራተኞችም ቀላል ዘመን አላሳለፉም። ማኅበር ማቋቋም የሚፈቅድ ሕግ ስላልነበረ በየፋብሪካው ሠራተኛው በዕድር ስም ይሰባሰብ ነበር፤ ለቀብር በተዋጣ ገንዘብና በተጠራ ስብሰባ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ነገር ይመከር ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን የመጡት ከዚያው ከወንጂ ነው። አገራችንም በዚያው ዓመት የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ን እና ቁጥር 98ን፣ አጸደቀች።

በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ኢሠአማ የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አገሪቱን አንቀጠቀጠ። ደርግ ግን በ1968 ዓ.ም. ድርጅቱን አፈረሰው፤ በ1969 ዓ.ም. በምትኩ መላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን፣ መኢሠማን፣ አቆመ። አሁን ፌዴሬሽኖቻችን የታቀፉበት የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ የተመሠረተው በ1986 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ያዢው የምልሽ አንድ ቁም ነገር አለ። ማኅበር በሁለት መንገድ ይሞታል። አንዱ ከውጭ ሲዘጋ ነው፤ ሁለተኛው ከውስጥ የሌላ ሰው መሣሪያ ሲሆን ነው። የኋለኛው ይከፋል፤ ቢሮውም፣ ማኅተሙም፣ መዋጮውም ስለሚቀጥል ሠራተኛው ማኅበር እንደሌለው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

2. አዋጁን በራስሽ ዓይን አንብቢው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁልጊዜ ከቦርሳሽ አይለይ። «እገሌ እንዲህ ይላል ብሎኛል» ማለትን ተዪ። የአሠሪው የሕግ ክፍል አንቀጽ ሲጠቅስ አንቺም ገልጠሽ ማየት አለብሽ።

ቢያንስ እነዚህን በቃልሽ ያዢ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ የሚታዘዝ ሲሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራው 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሠራተኛን የሚጎዳው የይርጋ ጊዜ ነው። ከሥራ ተሰናብቶ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክሱን ማቅረብ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ስንቱ ምስኪን «አለቃዬ ይራራልኛል፣ ሽማግሌ ልላክበት» እያለ ጊዜው አልፎበት ቀርቷል። ሽምግልናው መልካም ነው፤ ግን የቀን መቁጠሪያው አይቆምም። ተሰናባች ወደ አንቺ ሲመጣ ገና «እንዴት ነው ነገሩ?» ከማለትሽ በፊት «መቼ ነው የተሰናበትከው?» ብለሽ ጠይቂ።

3. ሠራተኛውን ባለበት ሂጂለት

ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል፤ ማኅበርን ለማኖር ግን ብዙኃኑ ያስፈልጋል። በቢሮ ተቀምጠሽ «ለምን አባል አይሆኑም?» አትበዪ። ወደ መስፊያ መስመሩ፣ ወደ መቁረጫው፣ ወደ መተኮሻው፣ ወደ መጋዘኑ ውረጂ። በሰርቪስ አብረሻቸው ተሳፈሪ። በምሳ ሰዓት ከተለያየ ገበታ ተቀመጪ፤ ሁልጊዜ ከጓደኞችሽ ጋር ብቻ የምትበዪ ከሆነ የእነሱ መሪ እንጂ የሁሉ መሪ አትሆኚም።

አባል የማይሆነውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ፍርሃት ነው። ከገጠር መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ሥራዋን ብታጣ የቤት ኪራዩን የሚከፍልላት የለም። እሷን «ፈሪ» ማለት ነውር ነው። ሕጉ የማኅበር አባል መሆንን ወይም በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብን የስንብት ምክንያት ማድረግን እንደሚከለክል ረጋ ብለሽ አስረጂያት። ከዚያም ሌላ ሰው በዚህ ምክንያት ሲነካ ማኅበሩ እንዴት እንደሚቆምለት በተግባር አሳዪያት። ከቃልሽ ይልቅ የምታምነው ያንን ነው።

በኤጀንሲ በኩል ተቀጥረው አጠገባችሁ የሚሠሩትን አትርሺ። ያንኑ ሥራ እየሠሩ የሚደርሳቸው ገንዘብ ያነሰ ከሆነ የቋሚው ሠራተኛ ደመወዝም ውሎ አድሮ ወደዚያው ይሳባል። የእነሱ ነገር የእናንተም ነገር ነው።

4. የማኅበሩ ገንዘብ እንደ ዕድር ገንዘብ ይጠበቅ

በዕድር አንድ ብር ብትጎድል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም በየተራ ይጠየቃሉ። የማኅበር መዋጮም እንዲሁ ይሁን። ሠራተኛው በጽሑፍ ፈቅዶ ከደመወዙ የሚቆረጠው ገንዘብ ትንሽ ይመስላል፤ ለእሱ ግን የልጁ ደብተር መግዣ ነው። ያለ ደረሰኝ አንዲት ሣንቲም አይውጣ። ሒሳብ ያዡና አንቺ ብቻ የምታውቁት ወጪ አይኑር። ኦዲቱ በየዓመቱ ይደረግ፤ ውጤቱም ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ይለጠፍ።

ቃለ ጉባኤም እንደ ገንዘብ ነው። ማን ምን አለ፣ ምን ተወሰነ፣ ማን ይፈጽመው ተባለ፤ ይጻፍ፣ ይነበብ፣ ይፈረም። የማኅበር መሪ በሌብነት ሲታማ ወሬውን የሚያራግበው አሠሪ ብቻ አይደለም፤ ደረሰኝ ያላየ አባልም ነው። እንዲህ ያለው ሐሜት አንዴ ከገባ በድርድር ያመጣሽው ጭማሪ እንኳ አያጠፋውም።

5. ሁሉንም ነገር መዝግቢ

የቃል ይረሳል፣ የጽሑፍ ይወረሳል ይባላል። እኔ በሠራሁበት ፋብሪካ በአንድ ወቅት የትርፍ ሰዓት ክፍያው ሠራተኛው ከሠራው ሰዓት ጋር አልገጥም አለ። የክፍሉ ኃላፊ «ይህን ያህል ሰዓት አልሠራችሁም» ብሎ ድርቅ አለ። የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረች እህታችን ግን በየፈረቃው ማን በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት ሰዓት እንደወጣ በደብተር ትይዝ ነበር፤ ከየስሙም ጎን ባለቤቱን ታስፈርም ነበር። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ክርክሩ አበቃ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። ያን ቀን የጮኸ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሠራተኞቹን የሥራ ውላቸውን ቅጂ እንዲይዙ አስተምሪ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የደመወዝ መግለጫቸውን አይጣሉ። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መገባቱን በየጊዜው ይጠይቁ፤ ከደመወዝ ተቆርጦ ሳይገባ የቀረ ጡረታ የሚታወቀው ሰውየው ካረጀ በኋላ ሲሆን የሚያሳዝን ነገር ይሆናል። ለአሠሪው ደብዳቤ ስትሰጪ በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም አስመቺ። በስልክ የተባለ ነገር ካለ በማግሥቱ «በትናንትናው ዕለት በተነጋገርነው መሠረት» ብለሽ ጻፊለት።

6. ጥፋተኛውን ንጹሕ ነው አትበዪ

ይህን የምልሽ ብዙ የማኅበር መሪ የሚሰናከልበት ስለሆነ ነው። የማኅበሩ አባል ሰርቆ ይገኛል፤ ሰክሮ ማሽን ላይ ይቀመጣል፤ ጓደኛውን ይደበድባል። ይህን ሰው «ንጹሕ ነው» ብለሽ ብትሟገቺ፣ ነገ እውነተኛ በደል የደረሰባትን ይዘሽ ስትመጪ ማን ይሰማሻል? ሐቀኛው ሠራተኛም ያፍርብሻል።

ለጥፋተኛው ልትቆሚለት የሚገባው ሥርዓቱ እንዲጠበቅለት ነው። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ተሰጥቶታል ወይ? አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት የሚያበቁ ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ለምሳሌ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ አርፍዶ መምጣት ወይም በ6 ወር ውስጥ ለ5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ይገኙበታል። ልብ በዪ፤ ቁጥሩም፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውም አብረው መሟላት አለባቸው። አሠሪው ምክንያቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተም በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ያልፋል። የመሰናበቻ ደብዳቤውም ምክንያቱንና ቀኑን መግለጽ አለበት። ሥርዓት ለጥፋተኛው ሲጠበቅ ለንጹሑም ይጠበቃል፤ አሠሪውም በሐቅ እንደምትፈርጂ ያውቃል፤ ቃልሽም ክብደት ያገኛል።

7. የሴቶቹን ነገር ከአጀንዳ ግርጌ አታስቀምጪ

አንቺ ሴት ስለሆንሽ ይህን ማን ይነግርሻል? ግን የስብሰባ ሰዓት ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ጉዳይ መሆኑን ስላየሁ እናገራለሁ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንድትሠራ ወይም ትርፍ ሰዓት እንድትሠራ ማዘዝ ክልክል ነው። የወሊድ ፈቃዷ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሆን ደመወዟ አይቆረጥም። አባትየውም 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። «ኮንትራትሽ አልቋል» በሚል ሰበብ ሆዷ የገፋ ሠራተኛ ስትሰናበት ካየሽ ውሉን ከመሠረቱ መርምሪ፤ ሥራው ቀጣይ ከሆነ ውሉም ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው ብሎ ሕጉ ይገምታልና።

የጾታ ትንኮሳ በአዋጁ የተከለከለ ነው፤ የደረሰባት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለቅቃ የስንብት ክፍያና ካሳ መጠየቅ ትችላለች። ነገር ግን ልጅቷ ሥራዋን ለምን ትልቀቅ? መልቀቅ ያለበት ተንኳሹ ነው። አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት የታመኑ ሴቶች ይመረጡ፤ ምስጢሩ ይጠበቅ፤ ስሟ በካፍቴሪያ እንዳይነሣ ተጠንቀቁ። አንዲት ልጅ አንድ ጊዜ ተናግራ ከተዋረደች ሌሎቹ ለዓመታት ዝም ይላሉ።

8. ደኅንነትን ከጭማሪ አታሳንሺ

ጣት የቆረጠ ማሽን ጣቱን አይመልስም። የማሽን መከለያ፣ የአቧራ ማስክ፣ የጆሮ መከላከያ፣ የእሳት መውጫ በር፤ እነዚህን በወር አንድ ጊዜ ከደኅንነት ኮሚቴው ጋር ዞረሽ እዪ። የእሳት መውጫ በር «ዕቃ እንዳይሰረቅ» ተብሎ ተቆልፎ ካገኘሽ እስኪከፈት ድረስ ከዚያ አትንቀሳቀሺ። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ለመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥለው 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪው 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ የማግኘት መብት አለው። አደጋው በዕለቱ ሪፖርት መደረጉንና ምስክር መያዙን አረጋግጪ፤ በኋላ «ከቤቱ ወድቆ ነው» እንዳይባል።

9. ለድርድር ስትቀመጪ ተዘጋጅተሽ ተቀመጪ

የመሪ ችሎታ የሚታየው እዚህ ነው። የኅብረት ስምምነት ሕጉ ካስቀመጠው ወለል በላይ የምትገነቢበት ቦታ ነው፤ ከሕጉ ያነሰ ነገር ብትፈርሚ ዋጋ የለውም፤ የበለጠ ካገኘሽ ግን ሕግ ሆኖ ይጸናል። በውስጡ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር ለ3 ዓመት ስለሚያስር፣ በጥድፊያ የፈረምሽው ነገር ለ3 ዓመት ይከተልሻል።

መጀመሪያ ሠራተኛውን ጠይቂ። መሪው ጭማሪ ብቻ ሲያስብ፣ ሠራተኛው የማታ ፈረቃ ሰርቪስ ይሻላል ሊል ይችላል፤ ሌላዋ የልጅ ማቆያ ትላለች፤ ሌላው የምሳውን ነገር ያነሣል። ከየክፍሉ ሰብስበሽ በቅደም ተከተል አስቀምጪ፤ የማይለቀቀውና የሚለቀቀው ተለይቶ ይታወቅ።

ቀጥለሽ የፋብሪካውን ሁኔታ እወቂ። ትዕዛዝ አለ? ጥሬ ዕቃ ለማስገባት የውጭ ምንዛሪ ተገኝቷል? መብራት ስንት ጊዜ ይጠፋል? በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ ከሆነው የአሜሪካ የአጎአ ገበያ ስትታገድ በሐዋሳና በሌሎችም የኢንዱስትሪ ፓርኮች ብዙ ልጆች ሥራ ፈትተዋል። ውሳኔው የተወሰነው ዋሽንግተን ነበር፤ ዳፋው ያረፈው ግን በኪራይ ቤት በሚኖሩት ላይ ነው። አሠሪው ችግር ሲያወራ ሁሉንም ውሸት አታድርጊ፤ ሁሉንም እውነትም አታድርጊ። «ማስረጃውን አሳዩን» በዪ። እውነተኛ ችግር ካለ ሠራተኛው ሊታገሥ ይችላል፤ ግን መታገሡ በቀን ይገደብ፤ ነገሩ ሲሻሻል ምን እንደሚደረግም ይጻፍ።

ስለ ደመወዝ ስትነጋገሪ አገሪቱ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዳልወሰነች አስታውሺ። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሏል፤ ጥያቄውም በየሜይ ዴይ ይነሣል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት የልብስ ፋብሪካዎቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር፣ ይህም ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ያነሰ እንደነበር ጽፏል። ወለል በሌለበት አገር የሠራተኛው ወለል ይኸው የኅብረት ስምምነት ነው። ስለዚህ የኑሮ ውድነቱን በቁጥር ይዘሽ ግቢ፤ የጤፉን፣ የዘይቱን፣ የቤት ኪራዩን፣ የትራንስፖርቱን ዋጋ ባለፈው ዓመትና በዘንድሮው አስተያዪ። በ3 ዓመቱ መካከል ዋጋ ሲንር ደመወዝ እንደገና የሚታይበትን አንቀጽም አስገቢ። ስምምነቱ ከማለቁ 3 ወር ቀደም ብለሽ አዲሱን ድርድር ጀምሪ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ ብቻሽን አትግቢ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። ሥራ አስኪያጁ «ቡና እንጠጣ፣ ሁለታችን እንጨርሰው» ሲልሽ በአክብሮት «ከተደራዳሪዎቹ ጋር እንመጣለን» በዪው። ሰውየው ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በር ተዘግቶ የተባለውን ነገር ሠራተኛው በክፉ ይተረጉመዋል፤ የማኅበሩ ጉልበትም ያኔ ይላላል። የምትጠሪው በማዕረጉ ይሁን፤ አትሳደቢ፤ አታስፈራሪ፤ የማትፈጽሚውን አትናገሪ። አሠሪ ጠላት አይደለም። ፋብሪካው ሲዘጋ አብረሽው ትወድቂያለሽ። ግን አሠሪ አባትም አይደለም፤ በምሕረቱ መኖር አይቻልም። በሁለታችሁ መካከል የሚኖረው ውል ነው፤ ውሉንም ሁለታችሁም አክብሩት።

ካልተስማማችሁ መንገዱ የታወቀ ነው። የአንድ ሠራተኛ ጉዳይ የግል ክርክር ሆኖ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። የብዙኃኑ ጉዳይ የወል ክርክር ሆኖ በአስማሚ ይታያል፤ ካልሆነም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ለድርድርም፣ ለክርክርም፣ ለማኅበር ስብሰባም ለመሪዎች ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጥ ሕጉ ስለሚያዝ፣ ይህን እንደ ችሮታ አትለምኚው።

10. አድማን የመጨረሻ አድርጊው፤ ካደረግሽው ግን በሥርዓት አድርጊው

አድማ መብት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ተጽፏል። ግን በቁጣ የሚወሰን ነገር አይደለም። ቢያንስ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በተገኘበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያም ከ10 ቀን በፊት ለአሠሪውና ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት። አስቀድሞ በስምምነት ለመፍታት ጥረት መደረጉም ይታያል። እንደ ሆስፒታል፣ መብራት፣ ውኃ፣ አየር መንገድና ቴሌ ባሉ አገልግሎቶች ውስጥ አድማ አይፈቀድም።

ልጆች በሞቀ ስሜት በአንድ ጠዋት ማሽን ያቆማሉ፤ አቤቱታቸው ትክክል ቢሆን እንኳ ሥርዓቱን መዝለላቸው ለአሠሪው ቀዳዳ ይሆንለትና ንቁዎቹ ተለቅመው ይወጣሉ። አንዲት መስታወት ከተሰበረች ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ መስታወቷ ይሆናል፤ ስለ ደመወዙ የሚጠይቅ አይኖርም። በአድማው ቀን ደመወዝ እንደማይከፈልም ለሠራተኛው አስቀድመሽ ንገሪው። ስንት ቀን መቆየት እንደሚችል ሳያስብ የገባ አድመኛ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፤ ሲመለስም ማኅበሩን ተሰብሮ ያገኘዋል። ስለዚህ «አድማ እንመታለን» የሚለውን ቃል እንደ ማስፈራሪያ በየስብሰባው አታውጪው። ተናግረሽ የማታደርጊው ነገር ጉልበትሽን ይቀንሳል።

11. ማኅበሩን ለሠራተኛው ብቻ ተዪ፤ ወንበሩንም በጊዜው ልቀቂ

በማሽን ጀርባ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የትግሬው ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ ሸሚዝ ይሰፋል። ደመወዙ ሲዘገይ ለሁሉም ይዘገያል። ማኅበሩን በዘር ወይም በፓርቲ ለመከፋፈል የሚመጣ ሰው፣ ከየትም ወገን ይምጣ፣ ማኅበሩን ለማፍረስ የመጣ ነው። አንቺ በግልሽ የፈለግሽውን የመደገፍ መብት አለሽ፤ የማኅበሩን ማኅተም ይዘሽ ግን አይሆንም።

ከተመረጥሽ በኋላ ድንገት የደረጃ ዕድገት፣ የተሻለ ክፍል፣ ለዘመድሽ ሥራ ሊቀርብልሽ ይችላል። ችሎታሽ ያመጣው ዕድገት ከሆነ በውድድርና በግልጽ ይሁን። ሌላው ሁሉ ይቅርብሽ። የተቀበልሽው ነገር ዋጋ አንድ ቀን በድርድር ጠረጴዛ ላይ ይጠየቃል። ከመጀመሪያውም ቀን ጀምሮ ተተኪዎችሽን አሰልጥኚ፤ በድርድር ላይ ወጣቶቹን አስቀምጪ፤ ደብዳቤ ማርቀቅን አስተምሪ፤ አዋጁን አስነብቢ። የምርጫ ዘመንሽ ሲያበቃ ሠራተኛው ካልመረጠሽ በደስታ ወደ ማሽንሽ ተመለሺ። ያለ አንድ ሰው መቆም የማይችል ማኅበር ገና ማኅበር አልሆነም።

ልጄ፣ አንቺ የያዝሽው መብት ያልደረሳቸው ብዙ ናቸው። በሰው ቤት እንጀራ የምትጋግረውና ልጅ የምታሳድገው እህትሽ በዚህ አዋጅ አልተሸፈነችም። የመንግሥት መምህሩና የሆስፒታሉ ነርስ፣ ሕገ መንግሥቱ የመንግሥት ሠራተኞችንም የመደራጀት መብት ቢጠቅስም፣ እንደ አንቺ መሠረታዊ ማኅበር አቋቁመው የኅብረት ስምምነት የሚደራደሩበት ሕግ በእጃቸው የለም። አንቺ ዘንድ ያለው ማኅበር በሐቅ ሲሠራ ታይቶ ነው የእነሱም ጥያቄ ሚዛን የሚያነሣው። አንቺ ዘንድ ያለው ከተበላሸ ግን «ማኅበር ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ሰዎች ማስረጃ ያገኛሉ።

ስለዚህ አደራውን ጠብቂ። የመጀመሪያውን የሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ በዚህ ሳምንት ጥሪ፤ የአዋጁን ቅጂ፣ የኅብረት ስምምነቱንና የሒሳቡን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ አኑሪ፤ ከዚያም ሠራተኛው ምን እንደሚፈልግ ሄደሽ ራሱን ጠይቂው።